መዶሻው የዋጠው አዋጅ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆማችሁም ግቡና ቁጭ በሉ፤ ቆመው የሰሙት ወሬ እግር ውስጥ እንጂ ልብ ውስጥ አይገባም። አዎ፣ እንደሱ። አንቺም ልጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊው፣ ይሞቀዋል። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር ደም አለበት። ልቡ የሚሸበር ካለ ከጎኑ ያለውን ሰው እጅ ይያዝ። አይታፈርም።

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ብረት ሠሪ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ አጥር ይበይዳል። ክንዱ የሌላውን ሰው ጭን ያክላልና ሰፈሩ «ጉልቤ» ይለዋል። ታናሹ ደግሞ ሲወለድ ያለቀሰው ለቅሶ መንገድ ተሻግሮ የተኛ ሰው ቀሰቀሰ ይባላል፤ «ጥሩምባ» አሉት፣ በዚያው ቀረ። እናትና አባት ቶሎ ስለሞቱባቸው ታላቁ ታናሹን በመዶሻ አሳደገው። በመዶሻ ስል ሠርቶ አበላው፣ አስተማረው ማለቴ ነው እንጂ መታው ማለቴ አይደለም። ያኔ መትቶት አያውቅም።

ጥሩምባ ሲያድግ ያ ድምጹ መተዳደሪያው ሆነ። መንግሥት ቀጠረው። ጣራው ላይ ሁለት የድምጽ ማጉያ ቀንድ በተገጠመለት ፒካፕ ኋላ ቆሞ በየመንገዱ ይለፍፋል፦ ውኃ የሚጠፋበትን ቀን፣ የጠፋ ልጅ፣ የክትባት ቀን። ልጆቼ፣ ያ ድምጽ! ወፍራም ነው፣ ግን አይከብድም። ሴቶች መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመው ይሰሙታል። ውኃ ሊጠፋ ነው ሲል እንኳ የምሥራች የሚያበስር ይመስላል። ጉልቤም ብየዳውን አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ለጎረቤቱ «የኔ ነው» ይላል። «እናውቃለን፣ በቀደምም ነግረኸናል» ይሉታል።

ጉልቤ የሚኖረው ብረት ሠሪዎች መንገድ ላይ ነው። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ላሜራው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ቱቦላሬው መሬት ላይ ይጋደማል፣ የእሳት ፍንጣሪው ከበር እስከ በር ይዘላል። በዚያ መንገድ ሰው ፍቅሩን እንኳ የሚነግረው ጮኾ ነው። የጉልቤ ሱቅ በር ሰማያዊ ነበር። የቀባችው ሚስቱ ናት። እሱ ጥቁር ይሁን ቢላት «ጥቁር አንተ ትበቃለህ» ብላ ሰማያዊ ቀባችው።

ጉልቤ ብረት እንጂ ወረቀት አይገባውም። የግብር ወር ሲደርስ ወረቀቱን በላስቲክ አድርጋ፣ ፊት ፊት የምትሄደው እሷ ነበረች። «አንተ ሸሚዝህን ቀይርና ከኋላዬ ቁም። ሲጠይቁህ ወደኔ እይ» ትለዋለች። እሱም ሸሚዙን ቀይሮ፣ ያን የሚያህል ሰውዬ፣ ከኋላዋ ይቆም ነበር።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ።

አመጣጡን አልተርክላችሁም። ሳል ነበረ፣ ትኩሳት ነበረ፣ ነጭ የለበሱ ሰዎች ነበሩ። የጥሩምባ መኪናም ሥራው ተለወጠ። «የዚህ መንገድ ነዋሪዎች፣ የታመመ ያለበት ቤት በሩን ይክፈት» ይላል። ይኸው ድምጽ ነው፣ ያው የሚያምረው። ከኋላው ነጭ ለባሾቹ ይመጣሉ፤ ከአንድ ቤት ሰው በቃሬዛ ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። ቀስ በቀስ ሰው ከበሽታው ይልቅ ድምጹን ፈራ። እናቶች ሲሰሙት የልጆቻቸውን ጆሮ ይደፍኑ ጀመር።

አንድ ሰሞን የጉልቤን ሚስት ትኩሳት ያዛት። ደበቃት። በሩን ከውስጥ በብረት ዘንግ ቀረቀረው። ሳል ግን በዘንግ አይቀረቀርም፤ ጎረቤት ሰማ። ከሰዓት በኋላ መኪናው መጥቶ ሰማያዊው በር ፊት ቆመ።

«ወንድም ጋሼ» አለ የድምጽ ማጉያው። መንገዱ ሁሉ ሰማ። «ወንድም ጋሼ፣ በሩን ክፈት። እትዬን ሐኪም ይያት። እኔ አለሁ።»

ጉልቤ ከፈተ። ከፍቶም የመጀመሪያውን ነጭ ለባሽ በቡጢ አጎነው፤ የፊቱ መከለያ ተሰነጠቀ፣ ሰውየው ከነመከለያው ተዘረረ። ሁለተኛውን በብብቱ ይዞ አነሳና የላሜራ ክምር ላይ ወረወረው፤ የላሜራው ጠርዝ ነጩን ልብስም ሥጋውንም ቀደደ። ሌሎቹ ተረባረቡበት። ጉልበታቸውን ጀርባው ላይ ተከሉ፣ ፊቱን ከብረት ብናኝ ጋር አጣበቁት። ሚስቱ በቃሬዛ ስታልፍ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ቀስ በሉት» አለች። «ሰው ነው።»

እሱን ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሏን አልሰማም።

ጥሩምባ ከመኪናው ዘሎ ወንድሙን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ጉልቤ ክርኑን ወደኋላ ለቀቀው። አፉን አገኘው፤ አንድ ጥርስ ከደም ጋር ዱብ አለ።

«ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም! አንተ የሞት ጥሩምባ!»

ሚስቱ በሳምንቱ ሞተች። የቀበሯት ነጭ ለባሾቹ ናቸው፤ እሱ ከአጥር ውጪ ሆኖ፣ ብረቱን ጨብጦ አየ። አጥሩን የበየደው ራሱ ነበር፤ ያኔ ግን አላስታወሰውም። ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ጥሩምባ ሁለት ጊዜ መጥቶ በሩን አንኳኳ። የመጀመሪያውን ጊዜ ጉልቤ አልከፈተም። በሁለተኛው የጋለ ብረት ይዞ ወጣበት።

መቀጥቀጡ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ወደ መንገዱ ሲታጠፍ ጉልቤ መዶሻውን አንስቶ ባዶ ላሜራ ላይ ያወርደዋል። ጓ! ጓ! ጓ! ወንድሙ እስኪያልፍ ድረስ። በማግስቱ ከፊት ለፊቱ ያለው ቁልፍ ሠሪም አብሮት መታ። ይህ ቁልፍ ሠሪ ቀጭን ነው፣ ምላሱ ስለት ነው፣ «ምላጭ» ይሉታል። እናቱን ያው መኪና ወስዶበታል። ከዚያ ቆርቆሮ ሠሪው፣ ከዚያ ምድጃ ሠሪው፣ በመጨረሻ መንገዱ በሙሉ። መኪናው ሲመጣ ያ ሁሉ መዶሻ ባንድ ጊዜ ይወርዳል፤ እንኳን የሰው ድምጽ መብረቅም ቢሆን አይሰማ። ጥሩምባ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይታያል፣ እንደ ዓሣ። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ሞት በጆሮ የሚገባ ይመስል፣ ጆሯቸውን ደፍነው ከሞት ያመለጡ መሰላቸው።

አሁን እናንተ ልብ በሉ። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰሞን ጥሩምባ በሽታ አልነበረም የሚለፍፈው። ጉልቤ አያውቅም፤ ለእናንተ ግን እኔ ልንገራችሁ። «በወረርሽኙ ምክንያት የግብር ማሳወቂያ ጊዜው ተራዝሟል! ግብር ቢሮው የሚከፈተው በተራ ነው፣ ተሰብስባችሁ አትምጡ! የዘገየ ቅጣት የለበትም! በበሽታው ሰው የሞተበት ሱቅ የዘንድሮው ግብር ቀርቶለታል!» እያለ ነበር። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሰማ፣ የዳቦ ቤቶቹ ሰማ፣ ጸጉር አስተካካዮቹ ሰሙ። ብረት ሠሪዎች መንገድ ሲደርስ ጓ! ጓ! ጓ! ደጋግሞ ተመላለሰ። ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሊነግራቸው ቢሞክር የብሎን ናዳ አወረዱበት፤ ግንባሩ ተፈነከተ። ብሎኑን የወረወረው ምላጭ ነው። ጉልቤ ከሱቁ ሆኖ አይቶ ጀርባውን ሰጠ።

ግብር የማሳወቂያው የድሮ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ያላሳወቀ ሱቁ ይታሸጋል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። ጉልቤ ጠዋት ተነስቶ የሚስቱን ላስቲክ ፈልጎ አወጣ። ሸሚዙን ቀየረ። ቀይሮ ሲያበቃ ትንሽ ቆመ፤ ከማን ኋላ እንደሚቆም ጠፋው። ሱቁ ከታሸገ ሰማያዊው በር ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል፣ ሰንሰለት ይጠመጠምበታል። ከእሷ የቀረው ያ በር ነው። መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሻጥ አድርጎ ወጣ። ለምን መዶሻ? ብረት ሠሪ ነዋ። እናንተ ያለ ጫማ ትወጣላችሁ?

መንገዱ በሙሉ ተያይዞ ሄደ። ግብር ቢሮው በር ላይ ሲደርሱ ትልቁ የብረት በር ተዘግቷል። ከውስጥ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ቆሟል።

«ዛሬ የለም፣ ሂዱ ቤታችሁ!» አለ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ። «ቀኑ ተራዝሟል። ሲለፈፍ የከረመው ምን መስሏችሁ ነው?»

ምላጭ ወደ ሰዉ ዞረ። «የሰማ አለ?»

«የለም!»

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ እንግዲህ ደንቆሮ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ተራዝሟል አልኩህ!»

«አምናም 'ነገ ኑ' ብለኸን ስንመለስ ቅጣት ጭናችሁ ጠበቃችሁን። ዘንድሮ ደግሞ በራችን ላይ ማሸጊያ ልትለጥፉ ነው?»

«አምና ሌላ፣ ዘንድሮ ሌላ! አንተ ሰውዬ፣ በሩን አትነቅንቅ!»

ጉልቤ ዙሪያውን ቃኘ። አንድ ነገር ከነከነው። ያለው ሁሉ ብረት ሠሪ ነው። «ልብስ ሰፊዎቹ የት አሉ?» አለ። «ዳቦ ጋጋሪዎቹስ? የዛሬው ቀን ለነሱ አይደለም እንዴ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፣ ልጆቼ። እዚያው ላይ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ብዙ አጥንት ባልተሰበረ። ግን ምላጭ ቀደመው።

«እነሱማ እጅ መንሻቸውን ሰጥተው በጓሮ በር ጨርሰዋል! እኛ ነን በግንባር በር የቆምን ጅሎች!»

ሰዉ አጉረመረመ። ከፊት የነበረ አንድ በያጅ በሩን በካልቾ መታው። ዘበኛው ደነገጠና ዱላውን በብረቱ መሃል ሰደደ። የበያጁ አፍንጫ ላይ አረፈ፤ ደሙ ቡልቅ አለ። በቃ። ደም ካዩ በኋላ ማን ይመልሳቸው? ድንጋዩ እንደ በረዶ ወረደ። የቢሮው መስታወት ተራ በተራ ረገፈ።

«ጉልቤ!» አለ ምላጭ። «በሩ ያንተ ሥራ አይደል እንዴ? ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው!»

እውነትም የሱ ሥራ ነው። ከላይ ቢገፉት አይበገርም፤ ከታች ካነሱት ግን ከማጠፊያው ይወልቃል። ጉልቤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ሰማያዊው በር ላይ የሚለጠፈው ቀይ ወረቀት ብቻ ነው የሚታየው። ወፍራም ፌሮ ተቀብሎ ከበሩ ሥር አስገባና ትከሻውን ሰጠው። ማጠፊያው ጮኸ። በሩ ከፍ አለ፣ ተንገዳገደ፣ ወደ ውስጥ ወደቀ። ዘበኛው መሸሽ አልቻለም። እግሩን ከጭኑ በታች በሩ ያዘው።

ሰዉ በበሩ ላይ ሮጦ ገባ። ሽማግሌው ሥር ሆኖ ይጮኻል፣ እነሱ ላዩ ላይ ይረግጣሉ። ጉልቤ ጩኸቱን ሰምቷል። ሰምቶም አልቆመም።

ምድር ቀውጢ ሆነች። ወንበር በመስኮት ወጣ። ጠረጴዛ ተሰባበረ። ሊከለክል የወጣ አንድ ጸሐፊ እጁን በመዶሻ ተመታ፤ ጣቶቹ እንዴት እንደሆኑ አልነግራችሁም። ሌሎቹ ሠራተኞች ወደ ላይኛው ፎቅ ሮጠው አንድ ክፍል ገብተው ዘጉ። በመስኮት ይታያሉ፦ አንዲት ሴት ስልክ ይዛ ታለቅሳለች። ምላጭ ግቢው ውስጥ የቆመ ሞተር ብስክሌት የነዳጅ ታንክ ከፍቶ ቤንዚኑን በባልዲ ቀዳ።

«ከላይ አንወርድም ካሉ ከታች እናሙቃቸው!»

በዚህ መሃል ነው መኪናው የደረሰው። ሴትየዋ ፖሊስንም መኪናውንም በስልክ ጠርታ ኖሯል። ፖሊሶቹ ከተማው ዳር ኬላ ላይ ነበሩ፤ ቀድሞ የደረሰ እሱ ነው። ግንባሩ ላይ የብሎኑ ቁስል ገና አልጠገገም። ፒካፑ ኋላ ቆሞ፣ የድምጽ ማጉያውን መነጋገሪያ አፉ ላይ አድርጎ፣

«ወገኖቼ—» አለ።

ይህን ብቻ ነው የሰሙት። ያ ድምጽ ጆሯቸው ሲገባ እጃቸው ከአእምሯቸው ቀደመ። የለመደ እጅ ነዋ! ያገኙትን ሁሉ ቀጠቀጡ፤ ምሰሶውን፣ የተሰበረውን ጠረጴዛ፣ የወደቀውን በር። አዎ፣ ያንን በር፤ ሽማግሌው ሥሩ ሆኖ። ጓ! ጓ! ጓ! በየምቱ ብረቱ የሽማግሌው አጥንት ውስጥ ይገባል። ጥሩምባ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በእጁ ይለምናል። ማንም አይሰማውም።

ጉልቤ የሚቀጠቅጠው አላገኘም። በሩ ላይ ሌሎች ነበሩ። ቀና ሲል ጣራው ላይ ያሉትን ሁለት ቀንዶች አየ። «ወንድም ጋሼ፣ በሩን ክፈት» ያሉት እነዚያ ቀንዶች ናቸው። መዶሻውን ከቀበቶው መዝዞ፣ ትከሻውን ወደኋላ ስቦ፣ ወረወረ።

ወንድሙን አልነበረም ያለመው። ቀንዱን ነበር። ምሎ ሲናገር ኖሯል፣ እኔም አምነዋለሁ። መዶሻው አንደኛውን ቀንድ ገጭቶ አጣመመውና ተፈናጥሮ የጥሩምባን መንጋጋ አገኘው።

ድምጹ ግን ተሰማ። የአጥንት ድምጽ በመነጋገሪያው ገብቶ በቀረው ቀንድ ወጣ። ግቢው በሙሉ ሰማው።

ጥሩምባ ከመኪናው ወደ መሬት ወደቀ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ሰዉ ባልዲውንም ፎቁንም ትቶ ወደሱ ጎረፈ። በካልቾ፣ በፌሮ፣ በእጅ። «የሞት ጥሩምባ! ስንቱን አስወሰድክ! በለው!» ጉልቤ ቆሞ ቀረ። ከእግር መሃል የወንድሙ ፊት ታየው። የታችኛው አገጩ ወደ ጎን ሄዷል። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ድምጽ የለውም፤ ጉልቤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋልና አነበበው።

ወንድም ጋሼ።

ያን ጊዜ እንደ በሬ አጓራ ይባላል። የፊተኛውን ሰው ከአንገቱ ይዞ ወደኋላ ወረወረው። ቀጣዩን በግንባሩ ገጨው። አብሮት ሥራ የጀመረውን ምድጃ ሠሪ በጉልበቱ ሆዱን መታው፣ ሰውየው አጎንብሶ አስመለሰ። ደርሶ ወንድሙ ላይ በደረቱ ተደፋ። ዱላው አሁን በሱ ጀርባ ላይ ይወርድ ጀመር። አንድ ጎኑ ላይ የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማው። አልተነሳም።

«ጉልቤ፣ ዞር በል!» ምላጭ ነው፣ ፌሮውን አንስቷል። «አንተ ራስህ አይደል እንዴ የመታኸው?»

«በቃው!»

«አልበቃውም! ለእናቴ ነው!»

ፌሮው ሲወርድ ጉልቤ በመዳፉ ቀለበው፤ መዳፉ ተሰነጠቀ። ጠመዘዘው። የምላጭ አንጓ ቀጭን እንጨት ሲሰበር እንደሚጮኸው ጮኸ፣ ምላጭም ጮኸ። ጉልቤ በአንድ እጁ ፌሮውን፣ በአንድ እጁ ወንድሙን ይዞ ወደ መኪናው ጎማ አፈገፈገ። ጀርባውን ጎማው ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። የቀረበውን ሁሉ ቅልጥሙን ይለዋል። እነዚህ ጎረቤቶቹ ናቸው። አንዱ የሠርጉ ዕለት የጨፈረለት ነው። ቅልጥሙን አለው።

የጥሩምባ እጅ መሬቱን ዳበሰ። መነጋገሪያውን፣ ገመዱ እንደተንጠለጠለ፣ አገኘውና የወንድሙ ደረት ላይ አስቀመጠው። ገፋ አደረገው።

«ምን ላድርገው?» አለ ጉልቤ። «ምን ላድርገው፣ አንተ ልጅ?»

ከመኪናው ውስጥ፣ ከመሪው ሥር ተደብቆ የነበረው ሾፌር አንገቱን ብቅ አደረገ። «ንገራቸው! በእግዜር፣ ንገራቸው! ተራዝሟል በላቸው!»

«ምኑ?»

«የግብሩ ቀን ነዋ! ስንት ጊዜ መንገዳችሁ ድረስ መጥቶ የለፈፈው! ተራዝሟል በል!»

ጉልቤ መነጋገሪያውን አነሳ። እጁ የደም እጅ ነው፣ ያንሸራትታል። «ተራዝሟል» አለ።

ሰዉ ቆመ። ይህ ድምጽ ሌላ ነው። ዝገት የሚፋቅ ይመስላል፤ ያስፈራል እንጂ አያምርም። ግን ለመቀጥቀጥ ያስለመዳቸው ድምጽ አይደለም። መዶሻዎቹ አየር ላይ ቀሩ።

«ቅጣት የለም በል» ይላል ሾፌሩ።

«ቅጣት የለም።»

«ማንም ሱቁ አይታሸግም።»

«ማንም… ማንም ሱቁ አይታሸግም።»

«በበሽታው ሰው የሞተበት ሱቅ የዘንድሮው ግብር ቀርቶለታል።»

ጉልቤ አፉን ከፈተ። «በበሽታው ሰው የሞተበት…» አለና ቆመ። የቀረው ቀንድ ትንፋሹን ብቻ ወደ ግቢው አወጣ። ከጭኑ ላይ ወንድሙ ወደሱ ያያል። ስንት ቀን ነው ይህን ቃል ይዞ ሰማያዊው በር ፊት የቆመው? ስንት ቀን ነው እሱ በመዶሻ የመለሰው?

«ጨርሰው እንጂ» አለ ምላጭ፣ የተሰበረ እጁን ታቅፎ፣ በቀስታ። ፊቱ አመድ ሆኗል። «ጨርሰው፣ ጉልቤ።»

«ሰው የሞተበት ሱቅ ቀርቶለታል» አለ ጉልቤ። «ይሄው ነው ሲለፍፍ የከረመው። እኛ ስንቀጠቅጥ።»

ልብስ ሰፊዎቹ ለምን እንዳልመጡ ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀም። አንዱ መዶሻውን ጣለ። ሌላው ጣለ። ዝም ሲባል ከወደቀው በር ሥር ያለው ሲቃ ተሰማ። ጉልቤ ወንድሙን ለሾፌሩ አስይዞ፣ የተሰበረ ጎኑን ይዞ ሄደና በሩን ብቻውን አነሳው። ራሱ ነው የሠራው፣ ክብደቱን ያውቃል። ሽማግሌው በሕይወት ነበር። እግሩ ግን እግር አልነበረም፤ ሐኪሞቹ ቆረጡት።

ፖሊስ ሲመጣ ጉልቤ አልሮጠም። ምላጭም አልሮጠም። ሁለቱ አንድ ክፍል ታሰሩ፤ አንዱ እጁ በጀሶ፣ አንዱ ደረቱ በፋሻ። ምላጭ አንድ ቀን «እንዲያው ግን ጎበዝ ቀጥቃጮች ነበርን» አለ። ጉልቤ ሊስቅ ሞክሮ ጎኑን አመመው።

ሱቁ አልታሸገም። አዋጁ አዋጅ ነውና ሰማያዊውን በር ማንም አልነካውም። ጉልቤ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጥሩምባ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ለብዙ ጊዜ ቆየ። ሽቦው ሲፈታ እስር ቤት መጣ። በፍርግርጉ ወዲያና ወዲህ ተቀመጡ። ጉልቤ ቀና ብሎ አላየውም። ጥሩምባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ትኩስ ብረት ነክቶ እንዳለቀሰ፣ እንዴት እጁን ውኃ ውስጥ እንደነከረለት ሊያወራ ጀመረና አልጨረሰውም። ጥሩምባ አፉን ለመክፈት ታገለ። የተሰባበረ፣ እርጥብ የሆነ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ ድምጽ መጣ።

«ወ-ን-ም ጋሼ።»

ይኸው ነው ያለው። ጉልቤ ግንባሩን ፍርግርጉ ላይ ጣለ፤ ጠባቂው ፊት ሳያፍር እንደ ሕጻን አለቀሰ።

ሁለቱ ከተፈቱ በኋላ ያ መንገድ እንደገና መቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ብረት እኮ ዝም ብሎ በር አይሆንም። መኪናውም ይመጣል፤ አሁን ሌላ ሰው ነው የሚናገርበት፣ አፍንጫው የተዘጋ ዓይነት ድምጽ ያለው። መኪናው ሲታጠፍ ግን መጀመሪያ የጉልቤ መዶሻ ይቀመጣል፣ ከዚያ የምላጭ፣ ከዚያ የሁሉም። ውኃ ሊጠፋ ነው ቢል እንኳ እስከ መጨረሻው ቆመው ይሰሙታል። ጥሩምባ ከወንድሙ ሱቅ ደጃፍ ላሜራ እየያዘለት፣ አብሯቸው ይሰማል። ሲያበቃ ወንድሙን በክርኑ ነካ ያደርገዋል፤ ወደ ሥራ ማለቱ ነው።

እናንተ ያን የድሮውን ድምጽ አልሰማችሁትም። ከእንግዲህም የሚሰማው የለም። ወፍራም ነበር፣ ግን አይከብድም፤ ሴቶች መጥረጊያቸውን ይዘው ይቆሙለት ነበር። እኔ ስሄድ የሚያወራው እንዳይጠፋ፣ ልጆቼ፣ እንደነበረ ብቻ አስታውሱልኝ።